ለመስቀል የተደመረች ጎጆ

ጥሩብርሃን ስሟ ነው እንጂ ብርሃን ከየት አባቱ! ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ የፎገራ ሜዳ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ድንጋይ ወፍጮዋ ላይ ተደፍታ የምትውል ሴት ነበረች። የወረታ ጠላ ቤቶች እህላቸውን ይልኩላታል፣ እሷ ትፈጫለች። በልጅነቷ ፈጭታ፣ ባል አግብታ ፈጭታ፣ ባሏ ሲሞትም ፈጭታ፣ ወገቧ ጎብጦ ቀረ። ምላሷ ግን አልጎበጠም። «ጥሩብርሃን ተብዬ ጨለማ ውስጥ የምፈጭ! ስም አውጪዬ ምን አይቶብኝ ይሆን?» እያለች በራሷ ትስቃለች።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ የመንግሥት መኪና ጭቃውን እየዛቀ መጣና ምሰሶ አራገፈ። በጥቁር ዘይት የተነከረ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ባሕር ዛፍ ነው። መንግሥቴ የሚባል መሐንዲስ ከጎጆዋ ፊት ለፊት፣ ዋልካው መሐል አስተከለውና ነገሩን አስረዳት። ከጢስ ዓባይ የሚወጣው ኮረንቲ ወደ ጎንደር እንዲሄድ መንግሥት ለጥናት ገንዘብ መድቧል። ችግሩ የፎገራ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

«ምሰሶው ክረምቱን ችሎ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመሩ በዚህ ይመጣል። ከዘመመ ግን በደጋው ይዞራል። ከመስቀል በኋላ መጥቼ አየዋለሁ። እናቴ፣ እርስዎ ከቤት አይጠፉምና ይጠብቁልኝ» አላት።

«ለመሆኑ ኮረንቲው መጥቶ ምን ያደርጋል?»

«መብራት ያበራል። ወፍጮም ያዞራል።»

«ማን እየገፋው?»

«ማንም። ራሱ ይዞራል።»

«ሚካኤልን ይበሉ!»

«ሚካኤልን!»

ከዚያ ወዲያ ጥሩብርሃንን ማን ይቻላት! ዝናብ ሆነ ጎርፍ፣ የወፍጮዋን መጅ አስቀምጣ ብቅ እያለች ምሰሶዋን ታያለች። የፎገራ ላም ደግሞ ማሳከኪያ ካገኘች ምን ትፈልጋለች? ሄዳ ጎኗን ስታሽበት፣ ጥሩብርሃን ዱላዋን ይዛ እየጮኸች ትወጣለች። «እመቤት ዘበኛ! ጠመንጃሽ የታለ?» ይሏታል መንገደኞች። «ሳቁ፣ ሳቁ! ወፍጮው ራሱ ሲዞር ወረፋ ትለምኑኛላችሁ!»

የመስቀል ዋዜማ ግን ጉድ ፈላ።

ፎገራ ሜዳ እንጂ ዛፍ የለውም፤ የደመራው ምሰሶ በየዓመቱ የሚመጣው ከደጋ ነው። በዚያ ዓመት ወንዙ ሞልቶ ሊያመጡ የሄዱት ጎረምሶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሕዝቡ ችቦውን ታቅፎ ቆሟል፣ መሐል ላይ የሚተከል ነገር የለም። የጎረምሶቹ አለቃ አንለይ ቀና ሲል ያንን ጥቁር ምሰሶ አየ።

«ኧረ እናንተ! ቆሞ እየጠበቀን ምን ያንከራትተናል? ደግሞ ዘይት ጠጥቷል፣ ይንበለበላል!»

ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። የደብሩ መምህር የኔታ ገብረ ኪዳን እንኳ «መስቀል ራሱ አዘጋጀልን» ብለው አማተቡ። በዚያ አገር አንዴ ችቦ የተደገፈበት እንጨት ለመስቀል ሆነ ማለት ነው፤ መልሶ የሚደፍረው የለም። ሰዉ ችቦውን ይዞ ሲነጉድ ጥሩብርሃን ዱቄት በዱቄት እንደሆነች ወጥታ ምሰሶውን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«እኔን ሳትደምሩ ይኼን አትደምሩም!»

«ለመስቀል እንጨት ትነፍጊያለሽ?» አላት አንለይ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ይኼ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ለመስቀል ነፈገች የተባለችን ሴት ደጇን ማን ይረግጠዋል? ጥሩብርሃን ፈራች፤ እጇን ግን አልለቀቀችም።

«የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ደመራ መውደቁ ይቀራል?»

«አይቀርም። በወደቀበት በኩል አይደል የዓመቱን ነገር የምናውቀው?»

«በሉ እንግዲያ! የደመራ ምሰሶ ሊወድቅ ይቆማል። ይኼ ግን እንዳይወድቅ ነው የቆመው። ከወደቀ የመንግሥት ሰው መጥቶ 'ፎገራ ምሰሶ አይችልም' ብሎ ይሄዳል፣ እኔም እፈጫለሁ!»

የኔታ ጢማቸውን ዳበሱ። «ነገርሽ እውነት አለው። ግን ልጄ፣ መስቀል ያለ ደመራ አይነጋም።»

ጥሩብርሃን ወደ ጎጆዋ ዞረች። ጣሪያውን የተሸከመው ባሏ ያቆመው የዋንዛ ምሰሶ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ግን ሳቋ መጣ።

«አንለይ! መጥረቢያህን ያዝ። ጎጆዬን አፍርሷት!»

«አብደሻል እንዴ? የት ልታድሪ?»

«እኅቴ ዘንድ! ወፍጮው ራሱ ሊዞር ነው፣ እኔ ይኼን ጨለማ ምን ላደርገው?»

ጎረምሶቹ እየሳቁም እያፈሩም አፈረሷት። ሣሩ ማቀጣጠያ፣ ዋንዛው የደመራው መሐል ሆነ። በማግስቱ ማለዳ ሲነድድ ቆይቶ ወደ ኮረንቲው ምሰሶ አዘነበለ። ጥሩብርሃን «ድረስ ሚካኤል!» ብላ ጮኸች። ደመራው ምሰሶው ጋ ሳይደርስ ዘፍ ብሎ ወደቀ። «እንግዲህ የዓመቱ ነገር በዚያ በኩል ነው» አሉ የኔታ እየሳቁ።

መሐንዲሱ በቃሉ መሠረት መጣ። በክር የተንጠለጠለ የማቅኛ ቱምቢውን ጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዞሮ ሲያይ ጥሩብርሃን ትንፋሿን ውጣ ቆመች።

«ቀጥ ብሏል። መስመሩ በዚህ ያልፋል» አለ።

«ሰማችሁ? ያልፋል አለ! አለፈልኝ!» እልልታዋ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰማ።

መሐንዲሱ ፈራ ተባ እያለ፣ የተመደበው ገንዘብ ለጥናቱ ብቻ እንደሆነ፣ ሽቦው እስኪዘረጋ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገራት። ዞር ሲል ወፍጮዋ ባዶ ሜዳ ላይ ተቀምጧል።

«ጎጆዎ የት ሄደች?»

«ለመስቀል ተደመረች።»

ይህን የሰማው አንለይ አንገቱን ደፋ፤ በሳምንቱ ጓደኞቹን ሰብስቦ በደቦ ሌላ ጎጆ ሠራላት። በምሰሶው በኩል ግን ግድግዳ እንዳያቆሙ ከለከለቻቸው። «በዚህ በኩል ተዉልኝ። ቀና ስል ልየው» አለች።

ወደ ወረታ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች በዚያ ክፍት በኩል ስትፈጭ ያዩዋታል። «ጥሩብርሃን፣ ኑሮ እንዴት ነው?» ይሏታል።

መጁን ሳትለቅ ወደ ምሰሶው ቀና ትልና፣ «ያልፋል!» ትላቸዋለች። «መሐንዲሱ በአፉ ተናግሯል!»