የአዴ ለተብርሃን ምርቃት በሁለት ካሜራ

ባለፈው ቅዳሜ ሓድነት ሰፈር ወዳለው ስቱዲዮአችን ሁለት እጮኛሞች መጡ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል፣ "አዴ፣ ሠርጉን የምትቀርጹት በፎቶ ካሜራ ነው ወይስ በቪዲዮ ካሜራ?" አለችኝ። በትግርኛ እንደ ትልቅ እናት አዴ መባሌን ገና አልለመድኩትም፤ ቢሆንም ሳቄ አመለጠኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያጎነበሰው ባለቤቴ ሓጎስም ሳቀ። ምስኪኖቹ ምን እንዳሳቀን አልገባቸውም።

በዚህች ጥያቄ እኔና ሓጎስ፣ ገና ሳንጋባ፣ አንድ ሙሉ የሠርግ ወቅት ተናቁረንባታል።

ያኔ የእኔ መሣሪያ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ካሴት የሚጎርስ ቪዲዮ ካሜራ ነበር። ክብደቱ አይጣል ነው! ግን አንዴ ከተነሳ ካሴቱ እስኪያልቅ አይቆምም። ሓጎስ ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንድ ፎቶ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ቪዲዮም ይቀርጻል ተባለ። "ፎቶ ማንሻ ቪዲዮ ከቀረጸ የእኔም ብረት ድስት ሬዲዮ ይሆናል" እያልኩ አሾፍኩበት። አባቴ ወሎዬ ስለሆነ ስናደድ በአማርኛ ነው የምናደደው፤ እሱ በትግርኛ ይመልስልኛል። አንድ ቀን የቀረጸውን ሲያሳየኝ ግን የሙሽሪት ፊት ጥርት ብሎ፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ለስለስ ብሎ ደብዝዟል። አንጀቴ ቅጥል አለ። ያምር ነበር፣ ምን ይደረግ!

የለምለም ሠርግ ላይ ተገናኘን። እንደ ልማዳችን ሁለቱም ወገን የየራሱን ቀራጭ ይይዛል፤ እኔ ለሙሽሪት፣ ሓጎስ ለሙሽራው። የለምለም እናት አዴ ለተብርሃን ግን ታመው ዓይደር ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጧቸውም። ሙሽሪት ደግሞ የእናቷን ጉልበት ስማ ሳትመረቅ እንዴት ትሄዳለች? እናት መምጣት ካልቻሉ ሙሽሪት ትሄድላቸዋለቻ! የጥር ነፋስ አቧራውን እያስነሳ በሙሽራ መኪና ወደ ዓይደር ስንወጣ ለምለም እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

"ጭፈራው ቢቀር ይቅር" አለችኝ። "የእናቴ ምርቃት ብቻ እንዳያመልጥሽ።"

ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው የክፍሉ መጋረጃ ተዘግቷል። ሓጎስም ሙሽራውን ተከትሎ ገብቶ ከጎኔ ቆሟል። መብራቴን ላበራ ስል ነርሷ በእጇ ከለከለችኝ። ለምለም ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። አዴ ለተብርሃን ፊቷን በመዳፋቸው እየዳበሱ አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች፤ እኔም ካሜራዬን ተሸክሜ አለቀስኩ። ጊዜው ነጎደ። በመጨረሻ ሊናገሩ ሲሉ ከጎኔ "ዋይ ኣነ!" የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። የሓጎስ ካሜራ ግሎ ቪዲዮውን አቁሟል፤ ደግሞ ቢሞክረውም እምቢ አለ። ፎቶ ግን ያነሳ ነበርና አንዲት ፎቶ ብቻ አንስቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ።

አዴ ለተብርሃን በትግርኛ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እያረፉ መረቁ። "ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ። የምትወልጂውን እኔ ባልታቀፈው ምርቃቴ ይታቀፈው።"

የእኔ ካሜራ አንዲት ቃል አልጣለም። ስንወጣ ደረቴን ነፍቼ በሓጎስ ፊት ተንጎራደድኩ።

ቤት ገብቼ ካሴቱን ስከፍት ክው አልኩ። ድምፁ ኩልል ይላል፤ ምስሉ ግን ጥቁር ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ነው። በእንባዬ ውስጥ አልታየኝም እንጂ ጨለማው ውጦታል፤ አዴ ለተብርሃን ከትራሳቸው አይለዩም። ለምለምን ምን ብዬ ላያት ነው?

በማግስቱ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሓጎስ ዘንድ ሄድኩ።

"ያቺን ፎቶ አምጣት" አልኩት።

"አንቺም ድምፁን አምጪው" አለኝ። ለካ እሱም ወደ እኔ ሊመጣ ጫማውን እያሰረ ነበር።

እናቱ የላኩለትን ጥሕሎ መሃላችን አድርገን፣ የገብሱን ድቡልቡል በእንጨት እየወጋን ወጡ ውስጥ እየነከርን፣ ቀኑን ሙሉ ምስሉን ስንቆርጥ ስንቀጥል ዋልን። እናትና ልጅ የተላቀሱበት ላይ ጨለማ ያልበገረውን የእሱን ቪዲዮ አደረግን። ምርቃቱ ሲደርስ ያቺ ፎቶ ብቻዋን ትቆማለች፤ አዴ ለተብርሃን አፋቸውን ገጠም አድርገው ልጃቸውን እያዩ ፈገግ ብለዋል። በላይዋ የእኔ ካሴት ድምፅ ይፈሳል። ከፍተን ስናየው ሓጎስ የመጨረሻዋን ድቡልቡል ወደ እኔ ገፋልኝ። ሳንናቆር ስንውል የመጀመሪያችን ነበር።

አዴ ለተብርሃን በዚያው ክረምት፣ በለስ ሲደርስ አረፉ። እኔና ሓጎስ በተከታዩ ጥር ተጋባን፤ ያ ካሴት የሚጎርስ ካሜራዬም ከሥራ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ አረፈ። የትኛው ይሻላል ብባል ዛሬም አላውቅም። እጮኛሞቹን "በሁለቱም" ብዬ ሸኘኋቸው።

ልቤ ግን ለምለም ቤት ነበር። ባለፈው ፋሲካ ጠርታን ያንን ቪዲዮ ከፍታልን ነበር። ትንሿ ልጇ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ ፎቶዋን ትክ ብላ አየችና፣ "እማ፣ አያቴ አፏን ሳትከፍት ነው እንዴ የምታወራው?" አለች። ሓጎስ ካሜራው እንዴት እንደጋለ ሊያስረዳት ሲጀምር በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

ለምለም ልጇን አንስታ ታቀፈቻት።

"አዎ" አለቻት፤ "ስላንቺ ነው የምታወራው።"