ሳንባውና የተገለበጠው ፊልትሮ

ቅጽል ስም ለሰው የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነው። የአውቶቡስ አካል የሚሠራበት ፋብሪካ የፊልትሮ ሠራተኛ ግን የራሱን ራሱ አወጣ፦ «ሳንባው»። «ፋብሪካው የሚተነፍሰው በእኔ ነው» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ደረት መንፋቱን ይችልበታል። የማይችለው ሥራውን ነው።

ሥራው ይህ ነው። ቀለም በሚረጭበት ክፍል ጣሪያ ላይ እንደ ፍራሽ የወፈረ ነጭ ፊልትሮ ተዘርግቷል። አየር ከላይ ሲገባ ፊልትሮው አቧራውን በላይኛው ፊቱ ይይዘዋል፤ ንጹሑ አየር ወደ እርጥቡ ቀለም ይወርዳል። ሲቆሽሽ አውጥቶ መጣል፣ አዲስ ማስገባት ነው። ሳንባው አይጥልም። ያወርድና ግድግዳ ላይ ደብድቦ፣ ገልብጦ ይመልሰዋል።

«ፊልትሮ እንደ ኮት ነው» ይላል። «አንዱ ፊት ሲያረጅ ሌላው አለ።»

ኮት ሲገለበጥ ሰው ላይ አይተፋም። ይህኛው ያጠራቀመውን አቧራ ሁሉ ቁልቁል ቀለሙ ላይ ይተፋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ቁጠባ መስሎት በስብሰባ መሀል ተነሥቶ አጨበጨበለት። ከዚያ ወዲህ መገልበጥ ልማድ መሆኑ ቀርቶ ሃይማኖት ሆነ።

ጭብጨባው ለሳንባው፣ መዘዙ ለቀለም ቀቢው። ቀቢው የሳንባው የእህት ባል ነው። የቀባው ሁሉ አሸዋ እንደ ነሰነሱበት ይሻክራል። መርጫውን ይፈታል፣ ቀለሙን በጨርቅ ያጣራል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ «የሚቀጥለው አውቶቡስ ከሻከረ መሰናበትህ ነው» አለው።

ያን ዕለት ሳንባው ከሥራ ሲወጣ እህቱ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ወንድምዬ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያ ፊልትሮህ ደህና ነው?»

«በፊልትሮዬ መጣሽ ደግሞ?»

«ባሌ ወጥቼ ልየው ቢልህ ከለከልከው አሉ።»

«ጣሪያው የኔ ነው። እሱ የሚቀባው አውቶቡስ፤ ጣሪያ ምን ሊያደርግለት?»

«ከሥራ ሲባረር ልጆቼን ምን ላብላቸው ታዲያ? ጣሪያ?»

ሳንባው የነፋውን ደረት አስተነፈሰው። ጎረቤት ቢያይ ማመን ያቅተው ነበር።

በማግስቱ ከመጋዘን አዲስ ፊልትሮ አወጣ፤ በደግነቱ ራሱ ተገርሞ መሰላሉን ወጣ። የአዲሱ ፊልትሮ አንዱ ፊት ስስ መረብ የተሰፋበት ነው። ያ ፊት ወደ ታች ይሆናል፣ ክሩ እንዳይረግፍ። ሳንባው ትክክለኛውን ፊት ይዞ ነበር የወጣው። ጣሪያው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ስንት ዘመን የለመደውን አደረገ፦ ገለበጠው። እሱ አላየም፤ ስለ ደግነቱ እያሰበ ነበር።

ቀቢው በጥንቃቄ ቀባ። ቀይ ቀለሙ ሲደርቅ አውቶቡሱ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ዙሪያውን ዞረው። ቀቢው አንድ ክር በጥፍሩ ነቅሎ ወደ ጣሪያው ቀና አለና ሳንባውን ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ይቺ ከየት የወረደች ናት?»

ሳንባው በዓይኑ ጠቀሰው። ዝምድና ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?

«ፊልትሮው አዲስ ነው፣ ዛሬ የገባ» አለ።

«አዲስነቱን አየሁት። የቱ ፊቱ ነው ወደ ታች?»

«ትክክለኛው።»

ቀቢው መሰላሉን ጎትቶ ወጣና የፊልትሮውን ጥግ ላጥ አደረገ። መረቡ ከላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንጋጦ አየ።

«ማን ገልብጥ አለህ?»

«እርስዎ ሲያጨበጭቡልኝ እኮ እየገለበጥኩ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ቀቢው በሥራው ቀረ። ሳንባው መጥረጊያ ተሰጥቶት ግቢ ወጣ። አሁን ላገኘው ሁሉ የእህቱ ባል እንዴት እንደ ሸጠው ያወራል።

«ዘመዴ ብዬ አዲስ አስገባሁለት። አሮጌውን ትቼለት ቢሆን ማን ያውቅብኝ ነበር?»

ቀቢው ይሰማል። የቀለሙን ክፍል በር ይዘጋል፤ ሳንባው አቧራውን የሚጠርገው ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ሳያይ ነውና።