ግራር በመፈክር ጨርቅ ላይ

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ብቻ ቀበሌው ለየበዓሉ መፈክር ያስጽፈኝ ነበር፤ በነጭ አቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም። ሰፈሩም ሠዓሊው ይለኝ ጀመር። ምኑን ሠዓሊ ሆንኩት? በአዳማ ፀሐይ ላቤን እያንጠባጠብኩ "ወደፊት" ስጽፍ ነው የምውለው። ያቺን ቃል ከመጥላቴ የተነሳ በሕልሜ ሳይቀር ትመጣብኝ ነበር።

እኔ መሳል የፈለግሁት አንድ ግራር ነው። ወንጂ፣ አዋሽ ዳር፣ አባቴ ሸንኮራ ሲቆርጥ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ምሳውን የበላበት ግራር። አባቴ ያን ጊዜ እግሩ አልታዘዝ ብሎት አዳማ ቤታችን ተኝቷል። ከአልጋው ሆኖ የሚያየው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሥዕል ሥራ አይደለም እያለ ቢያበሽቀኝም፣ ዛፉን አንድ ጊዜ እንዲያየው ፈለግሁ።

መጀመሪያ ቅጠሉን ከቀለም ጣሳው እንደወጣ አረንጓዴ ቀባሁት፤ ጎመን ሆነ። ተናድጄ ወንጂ ሄድኩና ከሥሩ ተቀመጥኩ። ለካ ግራር አረንጓዴ አይደለም። አቧራ የጠገበ ግራጫ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ጥላው ውስጥ ሰማያዊ ነገር አለ። ግንዱም ቢሆን ቡናማ አይደለም። ይህችን ለማወቅ በየቅዳሜው ተመላልሼአለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ንድፉን አይቶ ሥሩ ትራክተር አቁምበት አለኝ። እሺ ብዬ አላቆምኩም።

ችግሩ ጨርቅ ነበር። አዲስ አቡጀዲ ከየት ይመጣል? ካለፈው በዓል የተረፈ የመፈክር ጨርቅ አወጣሁና ኖራ በሙጫ በጥብጬ ፊደሉን ደፈንኩት። ሲደርቅ ነጭ ሆነ። ግራሩን ሳልኩበት፤ እውነቴን ነው፣ አማረ። ለአባቴ ላሳየው ስል ክረምቱ ገባ።

እርጥበቱ ቀዩን ከኖራው ሥር ጎትቶ አወጣው። ሰማዩ ላይ "ወ" ብቅ አለች። ደመና ሳልኩባት። ከደመናው አጠገብ "ፊ" መጣች። እሷንም ስሸፍን ደመናው ራሱ ቀላ። ብሩሹን ወርውሬ ጮክ ብዬ ስሳደብ አባቴ ከጓዳ ጠራኝ።

"ተበላሽቷል አባባ፣ ሌላ እስልልዎታለሁ" አልኩት።

"አምጣው አልኩህ።"

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ሲመጡ እንኳ ደክሞኛል ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ሥዕሉን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ወፎቹን አልረሳሃቸውም" አለኝ። "ፀሐይ ልትገባ ስትል እንዲህ ቀልተው ነበር የሚመጡት።" ጣቱን "ፊ" ላይ አሳርፎ ዳበሳት።

በማግስቱ ከአልጋው ፊት ለፊት ሰቀልኩለት፤ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልወረደም። እኔም ደመና መጨመሬን ተውኩ። አሁንም ሳስበው ግን ያናድደኛል፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ ተመላልሼ ቅጠል በቅጠል ስለለቀምኩት ግራር አንዲት ቃል ሳይወጣው፣ የወደደልኝ ያልሳልኩትን ነው።