ነፍስ ያለው ስም

ጠዋት ጠዋት ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆም ይልና በትንሽ ጣቱ መጀመሪያ ቀኝ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ግራውን ይጠርጋል። ጣቱን በቱታው ያብስና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ጥቂት ያዳምጣል። የሚታማ ከሆነ ከሰላምታው በፊት ሊሰማው ይፈልጋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሐሜት ላይ ደርሶ አያውቅም። ይህ ግን አላጽናናውም፤ "ኮቴዬን ለይተውታል ማለት ነው" ይላል።

ባልደረቦቹ "ጋሼ ምርመራ" ይሉታል። ደህና አደርክ ሲሉት "ምን ሰምታችሁ ነው?" የሚል፣ ሻይ ሲጋብዙት ከብርጭቆው በፊት የጋባዡን ፊት የሚያይ ሰው ነው። ለሥራው ግን ይኸው ጠባይ ጠቅሞታል። ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠውን አሮጌ ቶርኖውን እንኳ አያምነውም፤ አንዱን ዘንግ ሦስት ጊዜ ለክቶ ነው የሚቆርጠው። ከእጁ የወጣ ዕቃ አልገጠመም ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። ዕድሜው አምሳ ስምንት ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እስከዚያ ከዚህ ቤት እንዳያስወጡት ብቻ ነው የሚለምነው።

አዲስ ማሽን የሚተክሉት ሁለቱ ሩሲያውያን መሐንዲሶች የመጡት በዚህ መሃል ነው። አንዱ ጺማም፣ አንዱ ቀጭን። ወፍራም መነጽር ያደረገ ተርጓሚም አብሯቸው ተቀጠረ። አዲሱ ማሽን ሲገባ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሸኝ የሚመርጡት እነሱ ናቸው የሚል ወሬ ተነዛ። ጋሼ ምርመራ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥለት አለ።

አንድ ቀን ጺማሙ አጠገቡ ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ብዙ አወራ። ተርጓሚው አንገቱን ሲነቀንቅ ቆየና፣

"ሥራህ ጥሩ ነው ይልሃል፣ ጋሼ" አለው።

"ይሄን ሁሉ ለፍልፎ፣ ጥሩ ነው ብቻ?"

"ሌላው ስለ ጥርሱ ነው። መንጋጋው አሞት፣ ሐኪም ጠቁመኝ እያለኝ ነበር።"

"ጥርሱን ያመመው ሰው እንዲህ ይስቃል?"

"እውነቴን ነው ጋሼ፣ አባቴ ይሙት!"

"ለሰው ጥርስ ብለህ አባትህን አትግደል" አለና ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

በሚኖርበት ግቢ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ በወጣትነታቸው ሙያውን የተማሩት ሩሲያ ነው። በዚያው ሳምንት በራቸውን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ሩሲያኛ ያስተምሩኝ። ለማንም ግን እንዳይናገሩ።"

"በስተርጅና ምን ልታደርግበት?"

"ሲያሙኝ ልሰማበት።"

"ሌላው ሰው ቋንቋ የሚማረው ሊያወራበት ነው፣ አንተ!" ብለው ሳቁ። ደስ ግን ብሏቸዋል፤ ያንን ቋንቋ ከአፋቸው የሚፈልግ ሰው ካገኙ ስንት ዘመናቸው!

አራት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማማሩ። የእትዬ መጽሐፍ ከመሃሉ ተገንጥሎ ግማሹ ብቻ ነው የቀረው። ስሞቹ አሉ፤ ግሦቹ ከጠፋው ግማሽ ጋር ሄደዋል። ስለዚህ ግሡን ከአፋቸው እየለቀመ ያዘ። መጣሁ፣ በላሁ፣ ደከመኝ፣ ሁሉንም እሳቸው ስለራሳቸው እንደሚሉት፣ ሳያጎድል። "ገባኝ" ለማለት "ፖንያላ" ይላሉ፤ እሱም ፖንያላ ይላል። ቶርኖ ቤት ውስጥ ሁለቱ ወንዶች "ፖንያል" እያሉ ሲያሳጥሩት ሲሰማ፣ "ጫፏን የሚውጧት እንዳልሰማቸው ነው" ብሎ ማስታወሻው ላይ አሰመረበት።

የመንገድ ቃላቸውማ ጭራሽ አመሰው። ቀጭኑ አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ "ብሊን!" ብሎ ጮኸ። እትዬን ጠየቃቸው።

"ስስ ቂጣ ማለት ነው።"

"ጣቱን የመታ ሰው ቂጣ ብሎ ይጮኻል?"

"የብልግና ቃል አፉ ላይ ሲመጣበት ወደ ቂጣ ያዞረዋል። ይሉኝታ ነው።"

"አዩ? ድሮም የሚደብቁት ነገር አለ!"

ከሁሉ የወደደው አንድ የሰዋስው ሕግ ነው። የእኛ "ን" ለሁሉም እኩል ታገለግላለች፤ ሰውየውን እንላለን፣ ወንበሩንም እንላለን። ሩሲያኛ ግን ይለያል። የወንድ ስም ተሳቢ ሲሆን፣ ነፍስ ያለው ከሆነ መጨረሻው ላይ "አ" የምትል ጅራት ያወጣል፤ ነፍስ የሌለው እንዳለ ይቀራል። ለሬሳ እንኳ ሁለት ስም አላቸው፤ አንደኛው ነፍስ እንዳለው ይቆጠራል። "እንዲህ ያለ ቋንቋ መዋሸት አያስችልም" አለ ጋሼ ምርመራ። ዕቃና ሰው የሚለይ መለኪያ ተገኘ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከመሣሪያ መደርደሪያው ጀርባ መፍቻ ሲፈልግ፣ ጺማሙ ለቀጭኑ እንዲህ ሲል ሰማው፦

"ስታሪካ ናዶ ስፒሳት። ዣልካ፣ ኖ ናዶ።"

እዚያው እንደቆመ እንደ ዘንግ ለካው። ስታሪክ ሽማግሌ ነው። ስፒሳት መሰረዝ፣ ማስወገድ። "ሽማግሌውን ማስወገድ ያስፈልጋል። ያሳዝናል፣ ግን ያስፈልጋል።" በዚህ ቤት ከእሱ በቀር ሽማግሌ ማን አለ?

ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ተርጓሚውን ጠጋ አለው።

"ምን እየተባባሉ ነው?"

"ስለ ማሽን ነው ጋሼ። አሮጌውን ቶርኖ አውጥተን እንጣለው ነው የሚሉት።"

ማሽን! ስታሪካ ብሎ ነበር እኮ፣ ከነጅራቱ። ብረት ጅራት ያወጣል እንዴ? ተርጓሚው ዓይኑን ሳይሰብር ነው የዋሸው። "እሺ፣ ጎበዝ" ብሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ ሚስቱ ያቀረበችለትን እንኳ ሳይነካ ሁለት ቀን ቆየ።

በተከታዩ ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ቶርኖ ቤት ሰበሰበ። ሁለቱ መሐንዲሶች ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ተርጓሚው የለም። ጺማሙ ወረቀቱን ሲገልጥ ጋሼ ምርመራ አላስጨረሰውም፤ ከሰው መሃል ወጣና አራት ወር ሙሉ የደበቀውን አፍ ከፈተው።

"ያ ፍስዮ ስሊሻላ! ያ ፍስዮ ፖንያላ!" ሁሉን ሰምቻለሁ፣ ሁሉም ገብቶኛል ማለቱ ነው። ጣቱን ወደ ጺማሙ ቀስሮም "ስታሪካ ናዶ ስፒሳት!" ሲል የሰማውን መለሰለት።

ቀጭኑ እስክሪብቶውን ጣለ። ጺማሙ አፉን በእጁ ያዘ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አያችሁ፣ ሲጋለጡ ይስቃሉ!" አለ ጋሼ ምርመራ ወደ ባልደረቦቹ ዞሮ።

ቀጭኑ ትንፋሹን ሰብስቦ ደረቱን መታና "ያ፣ ፖንያል" አለ። ከዚያ በራሱ ላይ ሻሽ የሚያስር መስሎ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ "ዤና፣ ፖንያላ።" ዤና ሚስት ናት። ጋሼ ምርመራ ቀስ እያለ ገባው። በእኛ አፍ "ሰማሁ" ያለ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ በእነሱ ግን ይታወቃል። አራት ወር የተማረው የእትዬን የሴት አነጋገር ነው።

"ጋሼ ምርመራ እመቤት ሆኖ ተገኘ!" አለ ብየዳ ሠራተኛው።

"ዝም በል አንተ፣ ኋላ እጠብቅሃለሁ!"

"በይ ጠብቂኝ!"

ጺማሙ ወደ አሮጌው ቶርኖ ሄዶ እንደ በሬ ጎኑን መታ መታ አደረገውና "ቮት ስታሪክ" አለ፤ ሽማግሌው ይኸውላችሁ። ያቆላመጡትን ዕቃ የሰው ስም ካወጡለት ጅራቱንም እንደ ሰው ይሰጡታል፤ ይህን እትዬ ማታ ሲስቁበት ነው የነገሩት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አሳየው። አዲሱን ማሽን የሚይዙት ስም ተደርድሯል፤ የመጀመሪያው የእሱ ነው።

"እነሱው ናቸው ያስቀደሙህ። ሦስት ጊዜ የሚለካ ሰው ይሻለናል ብለው።"

ጋሼ ምርመራ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

ይህን ሁሉ ለእኔ ለጸሐፊዋ እየሳቀ ነው የሚያወራልኝ። ፖንያላ ማለቱን ሳታስቀሪ ጻፊው ይላል። ተይልኝ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከስብሰባው በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ "ተርጓሚው እያወቀ ይዋሻል" የሚል ስም የሌለበት ደብዳቤ በአስተዳደር ቢሮው በር ሥር አስገብቶ ነበር። ረቡዕ ተርጓሚውን ሳይጠይቁ አሰናበቱት። ቅዳሜ የቀረች ጃኬቱን ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ ተገናኙ። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ "ጋሼ፣ ማን እንደጻፈብኝ አልሰማህም?" ሲል ጠየቀው።

ጋሼ ምርመራ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

"በዚህ ዘመን ሰው ይታመናል ብለህ ነው፣ ልጄ?"