የአባቴ ሆድ

አባቴ ሲጠራኝ «ሆዴ» ነው የሚለኝ። ወሎ ውስጥ የወደደ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኛ ቤት ግን ቃሉ ግራ ያጋባል። «ወይ ሆዴ!» ሲል እናቴ ከጓዳ ብቅ ትልና «ልጅቱን ነው ወይስ የራስህን?» ትለዋለች። ሁለታችንንም ሆድ ያመናል። እሱን ከወጣትነቱ ጀምሮ ነው፤ እኔን አስተማሪ ሆኜ ቆቦ ሥራ ከያዝኩ ብዙም ሳልቆይ ጀመረኝ። ይነሣል፣ ወራት ይቆያል፣ ይተኛል፤ ተገላገልን ስንል ተመልሶ ይመጣል። ቁርጠት አለው፣ ደም አለው፣ ከሁሉም በላይ ጥድፊያ አለው። የጥድፊያውን ነገር ያልደረሰበት አያውቀውም። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ጠመኔውን ለክፍል አለቃው አስይዤ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። ተማሪዎቼ ለምደውት ዓረፍተ ነገሩን በየራሳቸው ጨርሰው ይጠብቁኛል።

ራያ ሜዳ ነው። ለእርሻ የተመቸ ነው፤ እንደኛ ላለ ሰው ግን አይመችም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ባደገባቸው ወራት እኔና አባቴ ሀብታሞች ነን፤ መንገድ ላይ የትም ቢያስቸኩለን መሸሸጊያ አናጣም። ሲታጨድ ግን አገሩ እስከ ተራራው ድረስ ራቁቱን ይቀራል። አጨዳው ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ምርቱን እያየ ደስ ሲለው እኛ ሁለታችን በሐዘን እንተያያለን። አንድ ዓመት አባቴ የመንገድ ዳሩ ማሽላ በመጨረሻ ይታጨድ ብሎ ሠራተኞቹን ሲለምን ሰማሁት። ለምን ብለው ሲጠይቁት ትንሽ አሰበና «ወፎቹም ነፍስ አላቸው» አላቸው። ሳቄን ለመደበቅ ከአጠገባቸው ሄድኩ።

ከማሽላው ሌላ የሚያድነን መስጊድ ነው። መስጊድ ባለበት ሁሉ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱ ውኃ አለ፣ ከጓሮው ደግሞ ሽንት ቤት አይጠፋም። አባቴ ከብት እየገዛና እየሸጠ ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ጎብዬ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ በመንገዱ ላይ ያልገባበት መስጊድ የለም። እንዲያ ሲጣደፍ የሚያየው ሰው ታዲያ ምን ያስብ? የሰላት ፍቅር ነው የመሰለው። ጎብዬ ላይ እስከ ዛሬ «ሼሁ» እያሉ ነው የሚጠሩት። አባቴ ሼህ አይደለም፤ ቁርኣንም የቀራው ልጅ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሊያስተባብል ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን «ሆዴን አሞኝ ነው» ብሎ በአደባባይ ከማስረዳት ሼህ መባሉ ቀለለው። እናቴ «አላህ በሆዱ ጎትቶ መስጊድ አስገባው» ትላለች። እሱም ነገሩን እየለመደው ሲሄድ፣ ከገባሁ አይቀር ብሎ፣ ሰላቱን እየሰገደ ይወጣ ጀመር።

የኔን ሕመም እናቴ ዓይን ነው ብላ ነበር የያዘችው። ደመወዝተኛ ሴት ልጅ ዓይን ውስጥ ትገባለች ባይ ናት። ያላስደረገችልኝ ዱዓ፣ ያላጠጣችኝ ቅጠል የለም። ከአፋር በኩል ለገበያ የሚመጣውን የግመል ወተት በጀሪካን ታስመጣልኛለች፤ አባቴም ከጎኔ ቁጭ ብሎ «እንዳይደብርሽ ነው» እያለ አብሮኝ ይጠጣል። እሱ ሲጠጣ መድኃኒትነቱን ረስቶ ሲያጣጥመው አያለሁ። በመጨረሻ ደሴ ሄጄ አንጀቴን በካሜራ ታየሁ። ሐኪሙ የትልቁ አንጀት ቁስለት መሆኑን፣ ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒት እንደሚያዝ፣ አንዳንድ ጊዜም በዘር እንደሚሄድ ነገረኝ። ከቤተሰብ ማንን ያመዋል ሲለኝ የአባቴን ታሪክ አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩለት። «እንግዲያው እሳቸውንም አምጪያቸው» አለኝ። ሳይታከም ብዙ ዓመት የቆየ ቁስለት ወደ ክፉ ነገር ሊለወጥ ስለሚችል እንዳንዘገይም አስጠነቀቀኝ።

ለኔ በዘር መሆኑ የምሥራች ነበር። ዓይን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ የበላሁት ወይም ያጠፋሁት ነገርም አይደለም። ከማን እንደመጣ እንኳ ይታወቃል፤ ያውም ከምወደው ሰው ነው። ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ካንተ ነው የወረስኩት አሉ! መሬቱን ለወንድሞቼ፣ ሆድህን ለኔ!» አልኩት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ወይም የሳቀ መሰለኝ፤ ከዚያ በሬዎቹን ውኃ ላጠጣ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ራሱ ሕመም አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ክኒኔን እየዋጥኩ ፊቴ ሲመለስ እሱ እየከሳ ሄደ። ቀበቶው ላይ በቢላዋ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አገኘሁት። እናቴም ልብሱን ስታጥብ ያየችውን ደም በጆሮዬ ነገረችኝና ሁለታችንም ፈራን። ሐኪሙ ያለው ክፉ ነገር እኛ ቤት ስሙ አይጠራም፤ ግን በአእምሮዬ ከመመላለስ አልቦዘነም። ደሴ እንሂድ ስለው ከአጨዳ በኋላ ይለኛል፤ አጨዳው ሲያልቅ ከውቂያ በኋላ፣ ውቂያው ሲያልቅ ከረመዳን በኋላ። ካሜራው አሳፍሮት ነው ብዬ ደመደምኩ። በየት በኩል እንደሚገባ የነገርኩት ቀን ደንግጦ «በአፍ በኩል አይሆንላቸውም?» ብሎኝ ነበር። በአፍም የሚገባ እንዳለ፣ የእሱ ግን በዚያ እንደማይደረስበት ባስረዳው ጊዜ ርዕሱን ወደ ዝናቡ ለወጠው።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። አንድ ቀን ክኒኔን አምጥቼ ፊቱ ዘረገፍኩና «አንተ ካልታከምክ እኔም ከዛሬ ጀምሮ አልውጥም» አልኩት። እንደማደርገው ያውቃል። ያለ ክኒን ምን እንደምሆንም ያውቃል፤ በተኛሁባቸው ወራት የመኝታዬን በር ሲያይ የኖረ እሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሽርጡን ታጥቆ፣ ዱላውን ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ገና ሮቢትን ሲያልፍ አባቴ መቀመጫው ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። ጎብዬ ስንደርስ ሾፌሩን መስጊዱ አጠገብ እንዲያቆምለት ለመነው።

«አባባ፣ የዙህር ሰላት ገና ነው እኮ» አለ ሾፌሩ።

«ያለፈኝ ሰላት አለ፤ እሱን ልክፈል ብዬ ነው።»

ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አባቴ እየተጣደፈ ሲገባ በአክብሮት ተመለከተው። «ማሻአላህ፣ ሰው እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አንዱ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ከንፈሬን ነከስኩ። ሲመለስ የፊቱን ወንበር ለቀቁለት። ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ሼሁ፣ ልጄ ታማብኛለችና ዱዓ ያድርጉልኝ» አለችው። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። አሁንስ እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጆቹን ዘረጋና ጀመረ። በዓረብኛ የሚያውቃት ትንሽ ስለሆነች ቶሎ አለቀችበት፤ የቀረውን በአማርኛ ቀጠለ። ያችን ልጅ አላህ እንዲያሽራት፣ ሕመሟን አንሥቶ ለሚችለው ሰው እንዲሰጠው ለመነ። ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ክርስቲያን እናትም «አሜን፣ አሜን» አሉ። ሳቄ ጠፋብኝ፤ ለምን እንደጠፋብኝ ግን ያኔ አልገባኝም።

ደሴ አልጋ ይዘን፣ ከቀትር ጀምሮ ሐኪሙ ያዘዘልንን ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት በውኃ እየበጠበጥኩ አጠጣሁት። ብርጭቆውን አተኩሮ አየና «ሆዴ በራሱ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ በመድኃኒት ላሠራው?» አለ። በየመሐሉ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ብዙ ያወራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ደስ ብሎን ነበር ብል ማን ያምነኛል?

በማግስቱ ግን፣ ሆስፒታል ደርሰን ወረፋችንን ይዘን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን፣ ብድግ አለ።

«በይ እንሂድ። እኔ ይቅርብኝ።»

«አባዬ፣ እዚህ ደርሰን! ካሜራው ነው?»

«ካሜራውስ ይሁን።»

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

ተመልሶ ተቀመጠ። ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«አይተው አንድ ነው ቢሉኝስ? የያዘሽ በሽታ የኔው ነው ቢሉኝስ? እስካሁን ምናልባት እያልኩ ነው የምውለው። ሆዴን እያመመኝ ነው ያገባሁት። አንቺ ስትወለጂም ያመኝ ነበር። ለልጅ የሚተርፍ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

እየሳቅኩ የነገርኩት የምሥራች እሱ ጆሮ ውስጥ ምን ሆኖ እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ። ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ወራት ያፈረ መስሎኝ ስቆጣው፣ ለካ ለኔ እያዘነ ነበር።

«አፉ በይኝ» አለኝ።

ወሎ ላይ ሐጅ የሚሄድ፣ ሞት የቀረበው፣ ከጎረቤቱ የተቀያየመ ሁሉ ይቅርታ የሚለምነው በዚህ ቃል ነው። ልጅ አባቱን አፉ በለኝ ይላል። አባት ልጁን ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። «ምን አድርገህ?» አልኩት። ምንም ሳያጠፋ አፉ ብለው ጥፋተኛ ነህ ያልኩት መሰለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። አንተስ ከማን ወሰድከው፣ ከአያቴ ከሆነ እሷን ልትከስ ነው፣ እሷስ ከማን አገኘችው፣ እያልኩ ወደ ላይ ቆጠርኩለት። ክፍል ውስጥ ብሆን ተማሪ ሁሉ ያምነኝ ነበር። እሱ ግን የምለውን አይሰማም፤ አንዷን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ነርሷ በሩን ከፍታ ስሙን ጠራች። አልተነሣም። ዓይኑን ከፊቴ ላይ አላነሣም። ነርሷ ደግማ ጠራች፤ ቀጥሎ ያለው ባለ ወረፋ ለመነሣት ነጠላውን ሰበሰበ።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ አባዬ።»

«ካንገትሽ በላይ ነው ካንጀትሽ?»

«ካንጀቴ ነው» አልኩት፤ «ከዚሁ ከታመመው።»

ዱላውን አስያዘኝና «አቤት!» እያለ ወደ ነርሷ ሄደ።