የቮልስዋ ምንጣፍ

ፈቀደ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ሲወጣ የቀሩት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዲት አሮጌ ቮልስና ወልደገብርኤል። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሽመና ማሽን ጎን ለጎን ሲጮህባቸው ኖረው፣ አንድ አጥር ተጋርተው አርጅተዋል። እንዲህ ያለ ጓድነት በመፈክር አይገኝም። ፈቀደ ግን በፕላስቲክ ምንጣፍ ለወጠው።

በሚሊኒየሙ ክረምት ነው። ሰፊው ሕዝብ የአቃቂን ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲያቦካ፣ እሱ የጋራዡ ሲሚንቶ ዘይት ጠጣ ብሎ ተጨነቀ። ከሐጀራ ሱቅ ባለ አበባ ወፍራም ምንጣፍ አስቆርጦ መጣ። በጉልበቱ እየዳኸ ማስቲሽ ቀባ፣ ጠርዙን በምላጭ አስተካከለ፣ የቋጠረውን አየር በክርኑ እየገፋ አስወጣ። የገዛ መኝታ ቤቱ ወለል እኮ ባዶ ሲሚንቶ ነው! ከበርቴነት ለካ በጎማ በኩልም ይገባል።

ማስቲሹ በቅጡ ሳይደርቅ ወልደገብርኤል ሞተ።

በቀብሩ ማግስት የሐምሌ ንፋስ የእድሩን ድንኳን ገነጠለው። የእድሩ ሰብሳቢ አያና በስብሶ መጣ።

«ፈቀደ፣ ጋራዥህን ክፈት። ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ቀረ።»

«አዲስ አንጥፌ እኮ ነው። አግዳሚው ሲጎተት ይተለትለዋል።»

«አሃ! እንኳን ለምርቃቱ አደረሰህ! ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ልጥራልህ እንዴ?»

ፈቀደ አፈረና ቮልስዋን አውጥቶ በሩን ከፈተ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ሰው በሆነ። ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ጫማ እያወለቃችሁ፤ እባካችሁ፣ ጫማ» ይል ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ያሠራ መሰለው።

የሟች ሚስት አሰለፈች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ደረሰች። ጭቃ የዋጠውን ኮንጎ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ፈቀደ «አንቺስ ግቢ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ጭቃው ላይ አረፈ። እሷም አየችው። ቀና አለችና ወደ ዝናቡ ተመለሰች። ለቀስተኛው ግልብጥ ብሎ ተከተላት።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! በአርባው ዋዜማ ምንጣፉን ገሽልጦ ጣለና አሰለፈች ዘንድ ሄደ።

«አሰለፉ፣ ተዝካሩን እኔ ጋ አድርጊው። አንስቼዋለሁ፤ ከፈለገ ፈረስ ይግባበት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ድንኳን አለን።»

«ቢዘንብስ?»

«ዘንቦብን አይተነው የለ?»

በተዝካሩ ዕለት ድንኳኑ ጥግ ገብቶ ተቀመጠ። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት በወደደ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ፈቀቅ ብለው ሦስት ሰው የሚይዝ ቦታ ለቀቁለት። ድስቱን ራሱ ከፍቶ ይጨልፍ በነበረበት ቤት፣ አሰለፈች ለብቻው ሳህን ይዛለት መጣች።

«ቤት ያፈራውን ቅመስ» አለችው፣ ለመንገደኛ እንደሚባለው፣ በትሕትና።

እሱም ቀመሰ።