የደከመው አምፖል

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ ከመለጠፍ ሌላ የምችለው ነገር ቢኖር ማውራት ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ግን ቁጥብ ሰው ነው። ሲናደድ ግራ ዓይኑ ስለሚርገበገብ ሰፈሩ በሙሉ «ፍሬቻ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ፍሬቻ አንድ አመል አለው። መብራት ሲሞክር ፍሬን የሚረግጥለት ማንም ይሁን ማን፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየው ራሱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የምረግጠው እኔ ነኝ። «በራ» ሲል እግሬን አነሳለሁ። አንድ ቀን «ልይልህ» ስለው «የሰው ዓይን አላምንም» ብሎ ኩም አደረገኝ።

አምና አንድ ጠዋት ከአሮጌ መኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

«ስማ፣ የዚች መኪና መብራት ደከመብኝ። አመሻሽ ላይ ዳር ዳሩ አይታየኝም።»

«እንደ ባለቤቷ አርጅታ ነዋ! ኤልኢዲ ግጠምላትና ወጣት ትሁን» አልኩት።

ሳቅን። ቀልዱ ስለጣመኝ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁት።

እሱም ገጠመላት። መጀመሪያ የፊቱን ለወጠና ግድግዳዬ ላይ አበራው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ «ትንሽ ይሻላል» አለ። ቀጥሎ ፍሬቻዎቹን ለወጠ። ኤልኢዲ የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው አሮጌው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ ይመስለውና ብልጭታውን ያጣድፈዋል። ይህንንም ያወቀው በጆሮው ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ጠቅ ጠቅ ሲል ሰምቶ ሪሌውን ቀየረ። እንዲህ እያለ በየወሩ አንዱን ይለውጣል፤ በየወሩ «አሁንም ደካማ ነው» ይላል። እኔም በየወሩ እቀልድበታለሁ።

የቀረው የኋላው ነበር። አዲሱን አምፖል ሰክቶ «እርገጥ» አለኝ። ረገጥኩ። «በራ» አላለኝም።

«ምነው?»

«አልበራም። ገልብጬ ልሰካው።»

ኤልኢዲ አቅጣጫ ይመርጣል፤ በግልባጩ ከተሰካ አይበራም። ስለዚህ አልገረመኝም። በመስታወቱ ሳይ ግን ከኋላው ያለው ግድግዳ ቀልቷል። ፔዳሉን በእንጨት ወጥሬ ወረድኩ። ፍሬቻ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱ ላይ የሚነደውን መብራት በዳበሳ ነቀለው። ገለበጠና ሰካው። ጨለመ።

«አሁንስ? በራ?» አለኝ።

በሠላሳ ዓመት ጉርብትናችን ይህን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ለካስ ከመኪናዋ ምንም አልደከመም ነበር።

በማግስቱ ከሚስቱ ጋር ሆነን ሐኪም ቤት ወሰድነው። የዓይን ሐኪሟ ብዙ ቆይታ መረመረችው። የዓይኑ ግፊት ነርቩን እንደጎዳው ነገረችን፤ አንዱ ዓይን ጨርሶ ሄዷል፣ ከሌላውም የተረፈው ጥቂት ነው።

«የጠፋው አይመለስም» አለች። «አምና ቢመጡ ኖሮ ግን ብዙውን እናተርፈው ነበር።»

ሚስቱ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ሳቅ!

«ሲጀምርዎት ለማንም አልተናገሩም?» አለችው ሐኪሟ።

«እንዴት አልናገርም!» አለ ፍሬቻ፣ ቅር እንዳለው ሰው። እጁን ሰዶ በዳበሳ ትከሻዬን አገኘው።

«ለዚህ፣ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።»